ለሰላም ሲባል የተሰረዘ ምስክርነት

እኔ የከፈትኩት ምግብ ቤት እንጂ የቴሌግራም ግሩፕ አይደለም። ካምፓላ ያለ ሐበሻ ግን ስለ እኔ ሲያወራ ስለ ወጤ አያወራም። "ያቺ ግሩፑ ላይ የተባለችው" ነው የሚለኝ። ምን እንደተባልኩ ያውቃል። ምን ብዬ እንደመለስኩ ግን አያውቅም፤ መልሴን ሽማግሌዎች አስጠፍተውታላ። ይሄን ባሰብኩ ቁጥር ቆሽቴ ያራል። አሁንም የምጽፈው በንዴት ነው፣ ሌላ ምክንያት አትፈልጉለት።

ቤቴ ኪሰንዪ የሚባል ሰፈር ነው። ከታክሲ ፓርኩ ብዙ የማይርቅ፣ ፊቱ ምግብ ቤት፣ ጀርባው መኖሪያ የሆነ ግቢ። ታናሽ ወንድሜ አብሮኝ ይኖራል። ስለ ሥጋ ነገር ለሐበሻ ማስረዳት አያስፈልገኝም፤ ክርስቲያኑ የክርስቲያን፣ ሙስሊሙ የሙስሊም ይበላል፣ ተከባብረን የኖርንበት ነው። እዚህ አገር ግን ሥጋ ቤት ተሰቅሎ የምታዩት ከሞላ ጎደል በሙስሊም እጅ የታረደ ነው። ስለዚህ እኔ በግና ፍየል በቁሙ አስመጣለሁ፣ ወንድሜ ጓሮ ውስጥ በስመ አብ ብሎ ባርኮ ያርዳል። ድካሙን ተዉት! ከሥጋ ቤት ገዝቼ ብጠብስ ማን ያውቅብኝ ነበር? እኔ አውቃለሁ። ለእኔ ይሄ ይበቃል።

ከጎኔ ያለው ሱቅ የሀጂ ነበር። ሰፈሩ ሁሉ ሀጂ ነው የሚላቸው፤ የወሎ ሰው ናቸው፣ በርበሬና ቅመም፣ ሽርጥና ነጠላ ይሸጣሉ፣ ከናኪቩቦ ገበያ ዕቃ የሚያመላልሱባት አሮጌ ፒክአፕ ነበረቻቸው። ረቡዕና ዓርብ እኔ ቤት ሽሮ ይበላሉ፤ በሌላው ቀን ሻይ ብቻ። ጥብስ ሲጠበስ ሽታው ሱቃቸው ድረስ ይገባል። "አንቺ ልጅ፣ በዚህ ሽታ ልታጠፊኝ ነው!" ይሉኛል በመስኮቱ። "ይምጡና አንድ ጉርሻ ልስጥዎ!" እላለሁ ሆን ብዬ። "ወላሂ አይሆንም!" ይላሉ። በዚህ እየሳቅን ዓመታት አለፉ። ወንድሜ ሲያርድ እሳቸው ዞር ይላሉ፣ ረመዳን ሲሆን እኔ ቀን ቀን ምግብ በፊታቸው አላሳልፍም። ማንም ቁጭ ብሎ ሕግ አላወጣልንም።

ኮሮና መጥቶ አገሩ የተዘጋው በዐቢይ ጾም መሀል ነው። ታክሲ ቆመ፣ የግል መኪና ቆመ፣ ቦዳ የሚሉት የሞተር ታክሲ ዕቃ እንጂ ሰው እንዳይጭን ተከለከለ። ወንበሮቼን ጠረጴዛ ላይ ሰቅዬ ምግብ እየቋጠርኩ በቦዳ መላክ ጀመርኩ። ጾም ስለሆነ ሽሮና ምስር ነው፣ አያስቸግርም። ፋሲካ ሲቃረብ ግን ስልኬ ጮኸ። ሰዉ ቤተ ክርስቲያን መሄድ አልቻለ፣ ዘመድ መጠየቅ አልቻለ፣ አንድ ክፍል ውስጥ ተዘግቶ ከርሟል። "እባክሽ ጾሙን እንኳ በወግ እንፍታ" አሉኝ። አንጀቴን በሉት። በጎቹን የሚያመጣልኝ ሰው ደግሞ መንገድ ተዘግቶበታል። ለሀጂ ነገርኳቸው። የዕቃ መኪና መንቀሳቀስ ይችል ስለነበር ፒክአፕዋ ፈቃድ ነበራት። "ይሄማ ምን ጭንቅ አለው" ብለው ቅዳም ሹር ጠዋት ከከተማ ወጣ ብለው በጎቹን ጭነው መጡ፤ ፀሐይ እንዳይመታቸው ሸራ አልብሰው። ግቢዬ ገብተው አራገፉልኝ። ወንድሜ አረደ፣ እኔ ሠራሁ፣ ሰው ጾሙን ፈታ። ተመስገን ብዬ ተኛሁ።

ከግቢዬ ፊት ለፊት ባለው ፎቅ የሚኖር አንድ የእኛው ሰው ነበር። ደንበኛዬ ነው። ጾም የማያፈርስ፣ ቅዳሴ የማያስታጉል ሰው፣ ይሄን አልክደውም። ያን ቅዳሜ በረንዳው ላይ ሆኖ የሀጂ ፒክአፕ ሸራ ለብሳ ወደ ግቢዬ ስትገባ አየ፣ ፎቶም አነሳ። ያየው ይሄን ብቻ ነው። በሩ ተዘግቶ ስለነበር በጎቹ ሲወርዱ አላየም። እሁድ ከእኔ አስመጥቶ በላ። አስቀድሞ በላ፣ ቀጥሎ ተጠራጠረ! በሳምንቱ መሀል ፎቶውን የካምፓላ ሐበሻ ሁሉ ያለበት የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለጠፈው። ግሩፑ ቤት የሚከራይበት፣ ለቅሶ የሚነገርበት፣ ፓስፖርት የጠፋበት የሚጮህበት ነው፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አለበት። ከፎቶው ሥር እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ "ወገኖቼ፣ ሃምሳ አምስት ቀን የጾምነውን በምን እንደፈታነው እወቁ። መኪናው የሀጂ ነው፣ በሩ የእህታችን ነው። የታረደ ሥጋ ሲራገፍ በዓይኔ አይቻለሁ።"

በዓይኔ! አይ ሰው!

እኔ ያየሁት ከሰው ሁሉ በኋላ ነው፤ ወጥ ላይ ነበርኩ። መጀመሪያ የደወሉልኝ አንዲት እናት ናቸው። ብቻቸውን የሚኖሩ፣ እንጀራቸውን ከእኔ የሚወስዱ አሮጊት። "ልጄ፣ ምን አበላሽኝ?" አሉኝ። ስድብ አይደለም፣ ቁጣ አይደለም፣ እያለቀሱ ነው። "ለነፍስ አባቴ ምን ብዬ ልንገር?" አሉ። ያን ጊዜ ሰማይ የተደፋብኝ መሰለኝ። ሌባ ቢሉኝ እስቅ ነበር። ሰው አምኖኝ ወደ አፉ ያስገባውን አርክሼበታለሁ መባል ግን፣ ለእኔ፣ ከዚህ በላይ ምንም የለም።

ግሩፑን ስከፍት ስሜ በቁሙ ተቀብሯል። አንዱ "ድሮም እጠረጥራት ነበር" ይላል፤ ድሮም ይበላ የነበረው እሱ ነው። ሌላዋ ቤቴ ረግጣ አታውቅም፣ እሷም "እኔስ ሆዴን ሲያመኝ ከርሟል" ብላለች። ደሜ ፈላ። ለመጻፍ ትዕግሥት አልነበረኝም፣ ድምፄን እየቀዳሁ ላክሁ። ጮህኩ፣ ማልኩ፣ ሰደብኩም። ወንድሜ "ያረድኩት እኔ ነኝ፣ የፈለገ ይምጣና ቆዳውን ይይ" ብሎ ላከ። "ወንድም ለእህቱ ሌላ ምን ሊል ኖሯል?" አሉት። በቃ፣ ምን ታደርጋለህ? ከቤተሰብ ውጭ ያየ ሰው የለም፤ አገሩ ተዘግቷል፣ ማን መጥቶ ይይልኝ?

ረመዳን የገባው በዚያው ሰሞን ነው። ከሰዓት በኋላ ሀጂ ግሩፑ ላይ ድምፅ ላኩ። እሳቸው ግሩፕ ላይ ተናግረው አያውቁም፤ ለቅሶ ሲኖር እንኳ በልጃቸው ነበር የሚያጽፉት። ቃሉን ደጋግሜ ስለሰማሁት ልቤ ላይ አለ።

"እንደምን ዋላችሁ" አሉ። "እኔ ዛሬ ጾመኛ ነኝ። በጾም አፌ አልዋሽም። መኪናዋ የኔ ናት። የጫንኩት በግ ነው፤ እየጮኸ ተጭኖ እየጮኸ ነው የወረደ። ያረደው ወንድሟ ነው፣ በናንተው ደንብ። እኔ ከዚች ልጅ ጎን ይሄን ሁሉ ዘመን ስኖር ሥጋዋን አንድ ቀን ቀምሼ አላውቅም። ለምን አትሉኝም? የክርስቲያን ነዋ! የሙስሊም ቢሆንማ ኑሮ፣ በዚያ ሽታ፣ እናንተ አንድ ቁራጭ ታገኙ ነበር?"

ግሩፑ በሳቅ ፈረሰ። ወሎዬው ሳቀ፣ ጅማው ሳቀ፣ ክርስቲያኑ ሁሉ ሳቀ። ከሳቁ በኋላ ይቅርታው መጣ፣ አንዱ ከአንዱ ሥር። ለካስ ከዚህ የበለጠ ምስክር የለም፤ ስንት ዓመት ጎረቤቴ ሆኖ እየጎመጀ ያልበላ ሰው! እኚያ እናት "ልጄ ማሪኝ" ብለው ላኩልኝ። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ሰውዬው ግን ትንፍሽ አላለም። ፎቶውም እዚያው፣ ጽሑፉም እዚያው።

መንገድ ሲከፈት ሰውዬው ሽማግሌ ላከብኝ። ሦስት ሰዎች፣ ዋናው ደግሞ ካምፓላ ከሁላችንም በፊት የመጡ፣ የተከበሩ የአዲስ አበባ ሰው። እኔ ቤት የማይበሉበት ሳምንት አልነበረም። ግቢዬ ውስጥ ማስክ አድርገን፣ ወንበር አራርቀን ተቀመጥን። ሀጂም በምስክርነት ተጠርተው መጡ። የግሩፑ አድሚን፣ ዋንዴገያ ሰፈር የስልክ ሱቅ ያለው ሰው፣ እሱም ስልኩን ይዞ ተቀምጧል። ሰውዬው ተነስቶ እግሬ ላይ ሊወድቅ ሲል ያዝኩት። "ያላየሁትን አየሁ ብያለሁ፣ ማሪኝ" አለ። ጥሩ አድርጎ ነው ያለው፣ ልክ ነው። እኔም "እግዚአብሔር ይቅር ይበልህ" አልኩ፣ ከልቤ ነበር። እዚያ ላይ ቢያበቃ ምን አለበት!

ዋናው ሽማግሌ ግን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "እንግዲህ ዕርቅ ማለት ነገሩ ከነሥሩ ሲነቀል ነው። ከግሩፑም ይጥፋ። እሱ ያለው ይጥፋ፣ አንቺ ያልሽው ይጥፋ፣ ስለዚህ ጉዳይ የተባለ ሁሉ ይጥፋ። ሁለታችሁም ዳግመኛ ላታነሱት ማሉልን" አሉ።

"የእሱ ይጥፋ፣ እሺ። እኔም የተሳደብኩት ይጥፋ" አልኩ። "የሀጂ ቃል ግን ለምን? ይቆይ እንጂ!"

"ግማሽ ዕርቅ የለም ልጄ" አሉኝ። "የሀጂ ብቻውን ከቀረ የሰማ ሁሉ 'ሀጂ ይሄን ያሉት ለምንድን ነው?' ብሎ ይጠይቃል። ነገሩ ተነሳ ማለት አይደል? ለሰላም ሲባል ነው።"

ሀጂ ቆባቸውን አስተካከሉና "እኔ እንኳ ከማንም አልተጣላሁ፣ የኔ ቃል ምን አደረገ?" አሉ። ሽማግሌዎቹ እንደ ቀልድ ቆጥረውት ሳቁ። ሀጂም ሰው ሲስቅ ዝም የሚሉ ሰው አይደሉም፣ አብረው ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። "ኧረ እባካችሁ!" አልኩ። "ተይ እንጂ፣ አሁን ደግሞ እንደገና?" አሉኝ ከሦስቱ አንዱ፤ ነገር የምቆሰቁሰው እኔ ሆኜ አረፍኩት። አድሚኑ ጣቱን እያንሸራተተ አንድ በአንድ አጠፋ። የሰውዬውን፣ የእኔን፣ የወንድሜን፣ የሀጂን ድምፅ፣ የሕዝቡን ይቅርታ፣ የእኚያን እናት "ማሪኝ" ሳይቀር። ሽማግሌዎቹ ስልካቸውን ከፍተው አዩ፣ ጠፍቷል። "ተመስገን" ብለው መረቁን። እኔም ማልኩ። ምን ላድርግ፣ ሦስት ሽማግሌ ግቢዬ ተቀምጦ እምቢ ልበል?

በሚቀጥለው ዓመት አገሩ ለሁለተኛ ጊዜ ሲዘጋ ሀጂ ታመሙ። ሳል ነው ተባለ፣ ከዚያ ትንፋሽ ነው ተባለ፣ ከዚያ ሞቱ። ቀብራቸው ላይ ጥቂት ሰው ብቻ ተፈቀደ፤ እኔ በራቸው ላይ ቆሜ ነው ያለቀስኩት። ለቤተሰባቸው ምስርና ሽሮ ሠርቼ ወሰድኩ። ባለቤታቸው ድስቱን ተቀብለው "አንቺ ያመጣሽውን ሳንጠይቅ እንበላለን" አሉኝ። ሱቁን ሌላ ሰው ተከራየው።

ፎቶው የተመለሰው ከዚያ በኋላ ነው። ፋሲካ ሊደርስ ሲል፣ የፋሲካ ማግስት የልጃቸውን ክርስትና ሊያነሱ እኔን ድግስ ያዘዙ ባልና ሚስት ነበሩ። ሚስትየዋ ደወለችና "እህቴ አትቀየሚኝ፣ ሌላ ሰው አገኘን" አለች። ድምፅዋ ልክ አልነበረም። "ምንድን ነው? ንገሪኝ" ብዬ ያዝኳት። ላከችልኝ። ያው ፎቶ! ያው ጽሑፍ! "የታረደ ሥጋ ሲራገፍ በዓይኔ አይቻለሁ።" ከግሩፑ ሳይጠፋ ሰዎች አስቀድመው ወደ ሌላ ግሩፕ ወስደውት ኖሯል፤ ወደ ማኅበር ግሩፕ፣ ወደ ተማሪዎች ግሩፕ፣ አገር ቤት ወዳለ ዘመድ ሁሉ። እዚያ ማን ይሰርዘዋል? በኮሮና ጊዜ እዚህ ያልነበረ አዲስ ሰው ሁሉ የሚያየው እሱን ነው። የሀጂን ድምፅ ግን ማን ሌላ ቦታ ወሰደው? ሰው ስድብ ነው የሚያጋራው፣ ምስክርነት አይደለም። እኔም አላስቀረሁትም፤ እዚያው ግሩፑ ላይ አለ ብዬ፣ ማን ያጠፋዋል ብዬ!

ግሩፑን ወደ ኋላ እየጎተትኩ ወጣሁ። የዚያን ሰሞን ሁሉ አለ። የሚከራይ ቤት አለ፣ የጠፋ ቦርሳ አለ፣ "ማስክ በጅምላ እንሸጣለን" አለ። የእኔ ነገር የነበረበት ቦታ ላይ ባዶ እንኳ የለም፤ ሌላው ወሬ ተጠጋግቶ ተቀምጦበታል። ለአድሚኑ ደወልኩ። "ከጠፋ ጠፋ ነው እህቴ፣ አይመለስም" አለኝ። ሰውዬው ዘንድ ፎቁን ወጥቼ ሄድኩ። "ለእኔ ያልከኝን ለሕዝብ ጻፈው፤ አላየሁም በል፣ አንድ መስመር ነው" አልኩት። ምን አለኝ? "እኔ ዕርቅ አላፈርስም። አላነሳም ብዬ ምያለሁ።" ተመልከቱልኝ! ውሸቱን ሲጽፍ ማንም አላስማለውም፣ እውነቱን ሲባል መሐላ ትዝ አለው።

ወደ ዋናው ሽማግሌ ሄድኩ። "ታገሺ፣ ወሬ ነው፣ ይበርዳል" አሉኝ። "እርስዎ ይጻፉልኝ" አልኩ። "እኔ ያስታረቅሁትን እኔው ልቀስቅሰው?" አሉ። እሺ። ቤቴ ገብቼ እኔው ጻፍኩት፤ የሆነውን ሁሉ፣ የሀጂን ቃል እንዳስታወስኩት አድርጌ። ወጡን ሳላወርድ ጠፋ። ደግሜ ጻፍኩ፣ ደግሞ ጠፋ። አድሚኑ በግል "የሽማግሌዎች ትእዛዝ ነው፣ ከደገምሽ ከግሩፑ አስወጣሻለሁ" ብሎ ላከልኝ። ደገምኩ። አስወጣኝ።

ቅዳም ሹር ደረሰ። እንደ ወትሮው በግ አርደናል፤ ማን እንደሚመጣ ሳላውቅ፣ በእልህ። ስልኩ ዝም ብሏል። ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳና ዋናው ሽማግሌ ድስታቸውን ይዘው ገቡ።

"እንኳን አደረሰሽ" አሉ። "እስቲ ለነገ የኛን ሙይልኝ። ቀይ ወጡ ይብዛ፣ ልጆቹ መጥተዋል።"

ድስቱን አልተቀበልኳቸውም። "አይፈሩም? ግሩፑ ላይ የሚባለውን አልሰሙም?"

"ኧረ ተይ! እኔማ አውቃለሁ እኮ። ያንቺን ሥጋ ባላምን ለልጆቼ አበላ ነበር?"

"ይሄንኑ ይጻፉልኛ! አሁን ያሉትን፣ እንዳሉት።"

"ልጄ፣ እሱ እኮ ዕርቅ ነው…"

"ጋሼ" አልኩ፤ ድምፄ ጓሮ ድረስ ስለተሰማ ወንድሜ ቢላውን እንደያዘ ብቅ አለ። "ሀጂ አንድ ቀን ሳይቀምሱ በጾም አፋቸው መሰከሩልኝ። እርስዎ ስንት ዓመት በልተው ዝም አሉ። የሀጂን አፍ ዘግተው፣ እሳቸው ከሞቱ በኋላ የእኔን ዘግተው፣ ዛሬ የራስዎን አፍ ይዘው መጡ?"

ፊታቸው ተቀያየረ። "አንቺ ልጅ፣ ልብሽ ደንድኗል" አሉ። "ሽማግሌ እንዲህ አይባልም።"

"አይባልም" አልኩ። "ሽሮ አለ፣ ከፈለጉ ልጨልፍልዎት።"

ድስታቸውን ባዶውን ይዘው ወጡ። ወንድሜ "አበዛሽው" አለኝ፤ እኔ ግን የቀረኝ ያለ መሰለኝ። የሠራነውን እኔና እሱ በላነው፣ ከፊሉን ለግቢው ዘበኛና ለጎረቤቶቹ ሰጠን፣ የቀረው ተበላሸ። ወንድሜ አሁንም ግሩፑ ውስጥ ስላለ አያለሁ፤ ሽማግሌው እስከ ዛሬ አንድ ቃል አልጻፉም።